ስለ ቆመችው ውይይትና ስለ ተላኩብዎ ሽማግሌዎች

ቅዳሜ፣ የካቲት 19 ቀን 2003 ዓ.ም.
አቃቂ

ለክቡር አቶ ገብረጻድቅ
የጥርጊያ ብድርና ቁጠባ ተቋም የአቃቂ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ነገ ጠዋት ቤትዎ የሚመጡት ሽማግሌዎች በእውነት ምን ፈልገው እንደሚመጡ ስለ ማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ያለምወርቅ ጤና፣ ለልጅዎ ለሃሌሉያ ጤና፣ እንዲሁም በቢሮዎ በር ላይ ቆሞ ለሚገላምጠን ዘበኛ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት እየገለጽኩ፣ እኛ ቤት ከመኪናችን በስተቀር ሁላችንም ደኅና መሆናችንን በአክብሮት አስታውቃለሁ።

ይህን ደብዳቤ ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ሳመነታ አደርኩ። እውነቱን ለመናገር ከሰው ጋር መነጋገር የማይሆንልኝ ልጅ ነኝ። ስሜ ናፍቆት ይባላል፤ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሜ በጎረቤታችን በእትዬ ዙለይኻ ሱቅ ስኳር እመዝናለሁ። ጉዳያችንን በአፌ ላስረዳዎ አስቤ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ተሰልፌ ነበር። ተራዬ ደርሶ በመስኮቱ ያለችው ልጅ "ምን ልታዘዝ?" ስትለኝ ግን ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝና "ሽንት ቤት በየት በኩል ነው?" አልኳት። "ለደንበኞች ብቻ ነው" ስትል በትሕትና መለሰችልኝ። አባቴ ከደንበኛም በላይ ደንበኛ መሆኑን ለማስረዳት ድምፅ ስላልነበረኝ አመስግኜ ወጣሁ። እንግዲህ በአፌ ያልሆነልኝን በወረቀት ልሞክር፤ ወረቀት ላይ ስቀላ ማንም አያየኝምና።

ክቡርነትዎ አባቴን በስም ላያውቁት ስለሚችሉ ላስታውስዎ። አቶ ሮሪሳ ይባላል፤ ከፋብሪካ ሥራው ሲቀነስ ከተቋምዎ ተበድሮ አንዲት ያረጀች ውይይት ታክሲ ገዛ። ውይይት ማለት፣ እርስዎ በግል መኪና ስለሚሄዱ ምናልባት አያውቋት ይሆናል፣ ተሳፋሪው ከኋላ በሁለት አግዳሚ ወንበር ላይ ፊት ለፊት ተያይቶ፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ የሚሄድባት መኪና ናት። ለብድሩ ዋስ የሆኑልን እትዬ ዙለይኻ ናቸው፤ ያስያዙትም ያቺኑ ሱቃቸውን ነው። ውይይቷ ከአቃቂ ቃሊቲ ጥቂት ወራት ከተመላለሰች በኋላ ሞተሯ ተቃጠለ። ሞተሯ እስኪጠገን መስመሩ ለባጃጆች ተሰጠ። ሞተሯም እንደገና ተቃጠለ። አሁን በራችን ላይ ቆማለች፤ ፍሬኗ ስለማይዝ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ተደግፎላታል፤ ከመላው አካሏ ጤነኛ ሆኖ የቀረው ክላክሷ ብቻ ነው። ዶሮዎቻችን ግን በጣም ወደዋታል።

ብድሩ ስላልተከፈለ የእትዬ ዙለይኻ ሱቅ የፊታችን ሰኞ እንደሚታሸግ ሐሙስ ዕለት ከቢሮዎ በተጻፈ ደብዳቤ ተገልጾልናል። እኔም ሰኞ ሳይደርስ ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን ማለቴ ነው፣ በቁጥር ላቀርብ እወዳለሁ።

1ኛ. ስለ ደብዳቤዎቻችሁ ውበት አመሰግናለሁ። ሁሉም "ውድ ደንበኛችን" ብለው ይጀምራሉ። አባቴን በሕይወቱ "ውድ" ብሎት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እናቴም ብትሆን እንዲህ ብላው አታውቅም። የመጀመሪያው ሲመጣ ደስ ብሎት ለጎረቤት ሁሉ አስነበበ፤ ሁለተኛውን መስመር ያነበበው ማታ ነው። ለአዲስ ዓመት የላካችሁት ካላንደርም ደርሶናል። የምታብረቀርቅ መኪና ሥዕል አለበት፤ ከሥሯም "ሕልምዎ በእጅዎ ነው" ይላል። አባቴ ውይይቷ ውስጥ ሰቅሎታል። ዶሮዎቹ እያዩት ይተኛሉ።

2ኛ. ስለ ብድር ክትትል ሠራተኛችሁ ስለ አቶ ቃልቤሳ ትጋት አመሰግናለሁ። ሥራቸው ተበዳሪውን መከታተል ቢሆንም የእኛ በር ፀሐይ ስለሆነ ዋሷን መከታተል መርጠዋል። ጠዋት ጠዋት መጥተው በሱቁ ደፍ ላይ የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው ይቀመጡና "እትዬ ዙለይኻ፣ መቼም የእርስዎ ነገር አንጀቴን ነው የሚበላኝ፤ እስቲ አንድ ቀዝቃዛ ሚሪንዳ" ይላሉ። ጠጥተው ሲነሱም "ትጻፍልኝ" ብለው ይሄዳሉ። ከራሳቸው በላይ "ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ" የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። እርሳቸውም ማንበብ የሚችሉ ሰው ናቸውና በማግሥቱ ይመጣሉ። እትዬ ዙለይኻ ክፍያ ሊጠይቋቸው ይፈራሉ፤ ሰውዬው ከተቀየሙ ሪፖርቱ ይከፋል ብለው ነው። እንግዲህ የተበዳሪው ዋስ ለአበዳሪው ሠራተኛ እያበደረች ነው ማለት ነው። ይህን ዓይነት አሠራር ሌላ አገር ያለ አይመስለኝም።

3ኛ. አባቴ ቁልፉን ይዞ ቢሮዎ መጥቶ "መኪናዋን ውሰዷትና እናንተም እረፉ፣ እኔም ልረፍ፣ ሴትየዋም ይረፉ" ባለ ጊዜ ስለ ተሰጠው ፈጣን ምላሽ አመሰግናለሁ። "ተቋማችን የሚሰበስበው ገንዘብ እንጂ ብረት አይደለም" ተባለ። ቢሆንም ብሎ ሲለምን "ለቁልፍ መረከቢያ ፎርም የለንም" ተባለ። አባቴም ቁልፉን መልሶ አመጣው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት የሹፌር ጃኬቱን ለብሶ ይወጣና የማትነሳዋ ውይይት ውስጥ፣ መሪው ፊት ይቀመጣል። መቼ ትነሳለህ የሚለው የለም። ጎረቤቶቻችንም ከኋላ ባሉት አግዳሚዎች ላይ እየተቀመጡ ወሬ ስለ ጀመሩ መኪናዋ ስትሄድ ከነበራት የበለጠ ተሳፋሪ አግኝታለች።

4ኛ. ይህኛው ረዘም ይላል፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ባለፈው ወር ጋሽ ወልደሰንበት ውይይቷ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ጋሽ ወልደሰንበት ፍርድ ቤቱ አጠገብ በጃንጥላ ሥር ማመልከቻ በታይፕ የሚጽፉ ሰው ናቸው፤ ከሚናገሩት ሕግ ግማሹ ከመጽሐፍ፣ ግማሹ ከራሳቸው ነው፤ የትኛው ግማሽ የትኛው እንደሆነ እርሳቸውም አያውቁም። ድንገት "ሮሪሳ፣ ለምን ኪሳራህን አታሳውቅም?" አሉት። አባቴ ብድግ ሲል ጭንቅላቱን ጣሪያው መታው። "ጠላትዎ ይክሰር! እኔ መቼ ከሰርኩ? የከሰረችው መኪናዋ ናት!" አለ።

ነገሩ እንደ ገባኝ ከሆነ እንዲህ ነው። ዕዳው ከአቅሙ በላይ የሆነበት ነጋዴ ሌላው እስኪጎትተው ሳይጠብቅ ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ "አልቻልኩም" ይላል። ያለውን ሁሉ ሳይደብቅ ያሳያል፤ ይህ በእኛ ቤት ብዙ ጊዜ አይወስድም። ከዚያ በኋላ አበዳሪ በየፊናው መጎተቱ ቀርቶ ነገሩ በዳኛ ፊት ይሆናል። ንብረቱ ተሸጦ የሚያወጣውን ያወጣል፤ ከተስማሙም ለቀረው ጊዜ ይሰጣል ወይም ይቀነሳል፤ ሰውዬውም ውሎ አድሮ ቀና ብሎ ይሄዳል። አባቴ "ነጋዴ ለሚባል ነው እንጂ እኔ ነጋዴ ነኝ እንዴ?" ብሎ ቢከራከር፣ ጋሽ ወልደሰንበት "ፈቃድ አውጥቶ ሰው ጭኖ ገንዘብ የሚቀበል ነጋዴ ነው። መቀበሉን ሲያቆም ደግሞ የከሰረ ነጋዴ ነው። አንተ ሁለቱንም አሟልተሃል" አሉት።

እትዬ ዙለይኻ ከሱቃቸው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው "የዋሱስ ነገር?" ብለው ጠየቁ። ጋሽ ወልደሰንበት ጺማቸውን አከኩ። "ዋስ በዚህ ብቻ አይድንም፤ ተበዳሪው ሲያቅተው ዞረው ወደ ዋስ ነው የሚመጡት። ዋሱን የሚያድነው አበዳሪው ወዶ ሲስማማ ነው" አሉ።  ያን ጊዜ የተናገሩት የእድራችን ዳኛ ጋሽ ዱሬሳ ናቸው። "ሰውን ማስማማት የሕግ ሥራ አይደለም፤ የሽማግሌ ሥራ ነው" አሉ። ስለዚህ ጋሽ ዱሬሳ፣ የሰፈራችን ሼህ ሙህሲንና ጋሽ ወልደሰንበት ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ በጠዋት ቤትዎ መጡ።

የዚያን ጠዋት ነገር ጋሽ ዱሬሳ ውይይቷ ውስጥ ደጋግመው ስለ ተረኩልን በቃሌ ይዤዋለሁ። እርስዎ በራስዎ በኩል የሚያስታውሱት ሌላ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል፣ የእኛን በትሕትና ላቅርብልዎ።

ሽማግሌዎቹ እንደ ባህሉ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው በርዎ ላይ ቆሙ። ጋሽ ዱሬሳ "ዕዳ" የሚለውን ቃል በሰው ቤት፣ ያውም በእሑድ ጠዋት ማንሳት ነውር ነው ብለው ስለሚያምኑ ነገሩን በስሙ አልጠሩትም። "በእጅዎ ያለ፣ እርስዎ ካልፈቀዱት ማንም የማይፈቅደው ነገር አለ፤ እርሱን ለምነን ለልጃችን ልናስገኝለት መጣን" አሉ። ወይዘሮ ያለምወርቅ ይህን ሲሰሙ ወደ ጓዳ ሮጡ። እርስዎም "ልጁ ማን ይባላል?" ብለው ጠየቁ።

"ሮሪሳ ይባላል።"

"ምን አለው?"

"መኪና አለው።"

"የራሱ ናት?"

ጋሽ ዱሬሳ መዋሸት ስለማይወዱ "ለጊዜው የእርስዎም ናት" አሉ። እርስዎ ከት ብለው ስቀው "ከተዛመድን ወዲያ የእኔ፣ የእሱ ምን ያደርጋል!" አሉ። ሼህ ሙህሲን እዚህ ላይ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። እንዲህ ያለ አበዳሪ በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም ነበር።

ከዚያ ቁርስ ቀረበ። በመጨረሻም እርስዎ ቆመው "ቤተሰቤን ላማክር፤ ጾሙ ሳይገባ፣ በቅበላ ዕለት ተመለሱ። እስከዚያ ድረስ ግን በጠየቃችሁት ነገር ሌላ ሰው እጁን አያስገባም፤ ለሽማግሌ የሰጠሁት ቃል ነው" አሉ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ወጡ። እትዬ ዙለይኻ ያን ቀን ሱቃቸውን በውኃ አጠቡ።

ሐሙስ ዕለት የማሸጊያው ደብዳቤ ሲመጣ ታዲያ ግራ ተጋባን። ሼህ ሙህሲን "ቢሮው ሳይሰማ ቀርቶ ይሆናል እንጂ ያ ሰው ቃሉን አያጥፍም" አሉ። እኔም ይህንኑ አምኜ ነበር፤ ትናንት የባለቤትዎ አክስት እትዬ ፀሐይቱ ወደ ሱቁ እስኪመጡ ድረስ። እትዬ ዙለይኻ ከተቋሙ ለማጣራት የተላኩ መሰላቸው።

"ሮሪሳ የሚባለውን ሰው ያውቁታል?" አሉ እትዬ ፀሐይቱ።

"እንዴት አላውቀውም! ዋሱ እኔ ነኝ እኮ።"

"ጎሽ፣ ዋስ የሚሆነው ሰው አለው ማለት ነው። ጠባዩስ?"

"ወርቅ ነው! ይሉኝታው ነው የጎዳው።"

"አይጠጣም?"

"ሻይ ሲጠጣ እንኳ ስኳር አብዝቼ ወሰድኩ ብሎ ይጨነቃል።"

"በእጁ የገባውን ይይዛል? አይሰለችም?"

"ኧረ እሱ! ይኸው ያቺን መኪና ቆማም በየቀኑ ያጥባታል!"

በዚህ መሃል ላምባ የሚፈልግ ሰው መጣና እትዬ ዙለይኻ ፊታቸውን ወደ በርሜሉ አዞሩ። እትዬ ፀሐይቱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ለራሳቸው "ለሃሌሉያችንስ እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚገባት፤ ብቻ ዕድሜው ገፋ ያለ እንዳይሆን" ሲሉ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ስኳሩን ከሚዛኑ ውጪ አፈሰስኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ማታ ለዶሮዎቹ ነገርኳቸው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ሙሽራው ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ሚስት አለችው፤ እናቴ ናት። ሦስት ልጆች አሉት፤ ትልቋ ይህን ደብዳቤ የምትጽፍልዎ ነኝ። መኪናውንም ያውቋታል፤ ፎርም የጠፋላት እርሷ ናት። እሑድ ጠዋት ቤትዎ ስትነሳ ሀብት የነበረችው መኪና ሐሙስ ቢሮዎ ስትደርስ ዕዳ መሆኗ ገርሞኛል፤ ያው አንድ መኪና ናት፣ አልተንቀሳቀሰችም። አባቴ ስለዚህ ነገር ምንም አያውቅም። እናቴም አታውቅም፤ ብታውቅ ግን ባሏን ለጥቂት ጊዜ ሰጥታዎ ትስቅ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ልጅዎ ሃሌሉያ ጨዋና ቆንጆ ናት፤ ሽማግሌ አይጠፋላትም። እትዬ ዙለይኻ ግን ሌላ ሱቅ የላቸውም። አባቴ ሥራ ሲፈታ ከዚያ ሱቅ ነው የበላነው። ታናናሽ ወንድሞቼ ባዶ ጠርሙስ ይዘው ወደ ሱቁ ሲመጡ እትዬ ዙለይኻ ያን "ዱቤ ዛሬ የለም" የሚለውን ጽሑፍ ወደ ግድግዳው ያዞሩታል። ልጆቹ ማንበብ አይችሉም፤ እርሳቸው ግን ያዞሩታል። ሰኞ የሚታሸገው ይህ ነው።

ስለዚህ የምለምንዎ አዲስ ነገር አይደለም፤ የሰጡትን ቃል ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ በጠየቁት ነገር ሌላ ሰው እጁን አያስገባም ብለዋል። የጠየቁትም ይኸው ነው፦ ዋሷን እንዲለቁልን፣ መኪናዋን እንዲቀበሉን፣ ለቀረው ዕዳ ደግሞ ከአባቴ ጋር በሚቻል ጊዜ እንዲስማሙ። በቃልዎ መሠረት የቢሮዎ ሰዎች ሰኞ ማሸጊያቸውን ይዘው ከመጡ የከለከሏቸው እርስዎ ራስዎ ነዎት። አባቴም ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ቀርቦ "አልቻልኩም" ለማለት በመጨረሻ እሺ ብሏል፤ ዳኛው "የከሰረ" የሚለውን ቃል ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲያነቡለት ብቻ ይለምናል።

ቃልዎን ካከበሩ ተበዳሪ ሁሉ ስምዎን በበጎ ያነሳል። ካላከበሩ ደግሞ አይጨነቁ፤ በእኛ ሰፈር ሰው ለሽማግሌ የተሰጠ ቃልን የሚረሳው ቀስ እያለ ነው፤ ሃሌሉያ የልጅ ልጅ እስክታሳይዎ ሳይረሳ አይቀርም።

ጊዜዎን ወስጄ በመጻፌ እያፈርኩ፣ በመስኮቱ ላለችው ልጅ ሰላምታዬን እየላክሁ፣ ቢሮዎ የሕልሞቻችን መነሻ፣ የእንቅልፋችን መድረሻ ሆኖ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በትንሽ ድምፅ እሰናበታለሁ።

ናፍቆት ሮሪሳ
የደንበኛ ልጅ፣ ሽንት ቤት ያልተፈቀደላት

ግልባጭ፦
ለእድሩ ዳኛ ለጋሽ ዱሬሳ (ቀስ ተብሎ እንዲነበብላቸው)
ለእትዬ ዙለይኻ ሱቅ መስኮት
ለአቶ ቃልቤሳ፣ ከሚቀመጡበት ሣጥን ላይ
ለውይይቷ የኋላ በር

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ አቶ ቃልቤሳ የጠጡትን ሚሪንዳ ለመክፈል ካቃታቸው ጋሽ ወልደሰንበት ማመልከቻቸውን በነፃ እንደሚጽፉላቸው ነግረውኛል። ያላቸውን ሁሉ ሲያሳዩ ግን ሣጥኑ የእትዬ ዙለይኻ መሆኑን አይርሱ።

ሌላው፣ የነገውን ነገር ወስኛለሁ። ሽማግሌ ባዶ እጁን ሁለተኛ አይሄድምና ለቅበላ ጥሎሽ ይዘንልዎ እንመጣለን። የእድሩ ወጣቶች ጠዋት ድንጋዩን ከጎማዋ ሥር አንስተው ውይይቷን እስከ ቤትዎ ይገፏታል፤ ሽማግሌዎቹ ከኋላ ፊት ለፊት ተያይተው ይቀመጣሉ፤ ዶሮዎቹ መውረድ እንቢ ካሉ አብረው ይመጣሉ። እኔ ከፊት፣ መሪው አጠገብ እሆናለሁ። በርዎ ላይ ስንደርስ ከሽማግሌዎቹ ቀድሜ ወርጄ ሁሉንም በስሙ ጠርቼ እናገራለሁ፤ ድምፄ እምቢ ካለኝ ክላክሱን እጫነዋለሁ። ቁልፉን በእጅዎ አስረክቤም እመለሳለሁ፤ ፎርሙን በኋላ ይፈልጉለታል። ከእኛ ወደ እርስዎ ቤት መንገዱ ቁልቁለት ነውና በሩን ከፍተው ቢጠብቁን ደስ ይለናል፤ የሚሠራው ክላክሷ እንጂ ፍሬኗ አይደለም።